የታገደ የኮሌጅ አሠልጣኝ በአሜሪካ ሕግ ምን ማድረግ ይችላል?

በአሜሪካ ኮሌጆች አንድ የስፖርት አሠልጣኝ ሲታገድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ነው። ከየትኛው ቀን ጀምሮ ልምምድ ሜዳ እንዳይደርስ፣ ከተጫዋቾቹና ከረዳቶቹ ጋር እንዳይነጋገር፣ የቢሮውን ቁልፍና የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒዩተር እንዲያስረክብ በዝርዝር ይነገረዋል፤ የታገደበት ምክንያት ግን «ምርመራው እስኪጠናቀቅ ድረስ» በሚል ሐረግ ተሸፋፍኖ ያልፋል። ደብዳቤውን ያረቀቀው ብዙውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ክፍል ስለሆነ፣ የተጻፈውም ሳይጻፍ የቀረውም ታስቦበት እንደሆነ ቆጥሮ ማንበብ ይሻላል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለደረሳቸው ዋናና ረዳት አሠልጣኞች የተዘጋጀ ነው። በሯጭነት ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው መጥተው፣ ሲመረቁ በረዳት አሠልጣኝነት የቀሩ ወገኖቻችንንም ይመለከታል፤ ለእነርሱ ብቻ የሚነሣ የቪዛ ጉዳይ ስላለ በስተመጨረሻ ለብቻው ተነሥቷል። የየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተለያየ በመሆኑ በዚያው ክፍለ ግዛት ፈቃድ ያለው፣ የሥራ ቅጥር ጉዳዮችን የሚይዝ ጠበቃ ማማከር የግድ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠበቃው ጋር ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገሮችን ለይተው ይያዙ። አንደኛው ያገደዎት ማን እንደሆነ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ፣ ቡድኑ የሚጫወትበት ሊግ፣ ወይስ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ? ሁለተኛው ደመወዝዎ መቀጠል አለመቀጠሉ ነው። ያሉዎት የሕግ መንገዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በእነዚህ ሁለት መልሶች ላይ ይንጠለጠላሉ። ብዙ አሠልጣኞች በመጀመሪያው ቀን «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጣሰ» ብለው ይነሣሉ፤ በእኔ እምነት ግን የአብዛኛው አሠልጣኝ ጠንካራ መከላከያ ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ በመሳቢያው ውስጥ ያስቀመጠው የቅጥር ውል ነው።

ደብዳቤው በደረሰ ሰሞን

ስልክዎ ላይ ያለውን ማናቸውንም መልእክት፣ ፎቶግራፍ ወይም የድምፅ ቅጂ አይደምስሱ። ምንም ጥፋት የሌለበት ሰው ንዴት ወይም ኀፍረት ይዞት የደመሰሰው መልእክት በኋላ ዳኛ ፊት ማስረጃ እንደ ማጥፋት ይቆጠርበታል፤ ከመጀመሪያው ክስ የከፋ ክስም ይሆንበታል። በግል ስልክዎና በግል ኢሜይልዎ ያለውን ቅጂ አድርገው ለጠበቃዎ ይስጡ። የዩኒቨርሲቲው ንብረት የሆነውን ኮምፒዩተር ግን ሳይነኩ ያስረክቡ፤ የተማሪዎችን የትምህርትና የጤና መረጃ ወደ ግል ሳጥንዎ መላክ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። ጠበቃዎም በበኩሉ ዩኒቨርሲቲው ስለ ጉዳዩ ያሉትን ሰነዶች ሁሉ እንዲጠብቅ የሚያሳስብ ደብዳቤ ወዲያውኑ መላክ አለበት። ተቋሙ የመንግሥት ከሆነ በክፍለ ግዛቱ የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት የምርመራ ሰነዶችንና የኃላፊዎችን የኢሜይል ልውውጥ መጠየቅ ይቻላል፤ የተማሪዎች ስም ተሸፍኖ ቢመጣም ቀኑና ቅደም ተከተሉ ብዙ ይናገራል።

ከተጫዋቾች ጋር እንዳይነጋገሩ ከተከለከሉ ክልከላውን ያክብሩ። «አይዟችሁ» የምትል አጭር መልእክት እንኳ ምስክር እንደ ማባበል ወይም እንደ ማስፈራራት ልትተረጎም ትችላለች። ምስክር የሚሆንልዎ ተጫዋች ወይም ወላጅ ካለ ጠበቃዎ ያነጋግረው።

ለምርመራ ቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ደግሞ አብሮዎ የሚቀመጠው የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ የእርስዎ ጠበቃ አለመሆኑን ይረዱ። እሱ የሚቆመው ለተቋሙ ነው፤ የነገሩትንም ሁሉ ተቋሙ በእርስዎ ላይ ሊጠቀምበት ይችላል። የኤንሲኤኤ ደንብ አሠልጣኞች ከምርመራ ጋር እንዲተባበሩ ስለሚያስገድድ ዝም ማለት ብቻውን ያስቀጣል፤ ስለዚህ ቃለ መጠይቁን እምቢ ከማለት ይልቅ ጠበቃዎ በተገኘበት እንዲሆን ቀጠሮ መጠየቅ ይበጃል። ጉዳዩ የወንጀል ምርመራን የሚያስከትል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 በጋሪቲ ጉዳይ እንደወሰነው፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ካልተናገርክ ትባረራለህ» ተብሎ ተገዶ የሰጠው ቃል በወንጀል ክስ ማስረጃ ሊሆንበት አይችልም። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ለመንግሥት ተቋም ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ የግል ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ የወንጀል ጠበቃ ሳያማክር አንድም ቃል መስጠት የለበትም።

ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ

የትልልቅ ቡድኖች ዋና አሠልጣኝ ውል በአሥር የሚቆጠር ገጽ አለው፤ የረዳት አሠልጣኝ ደግሞ አንዳንዴ ከቅጥር ደብዳቤ አያልፍም። ረጅምም ይሁን አጭር የሚፈለገው አንድ ነው፦ ዩኒቨርሲቲው ለማገድ ሥልጣን የሚሰጠው አንቀጽ አለ ወይ? ካለስ በምን ምክንያት፣ ለስንት ቀን፣ ከደመወዝ ጋር ወይስ ያለ ደመወዝ? ብዙ ውሎች ያለ ደመወዝ የሚደረግን እገዳ የሚፈቅዱት ለስንብት በሚያበቃ ምክንያት ብቻ ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አስቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያና መልስ የመስጫ ቀናት እንዲሰጡ ያዝዛሉ። ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ቀናት ዘሎ ካገደ፣ አሠልጣኙ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ሳይነሣ፣ ውሉ ተጥሷል ብሎ መከራከር ይቻላል።

«በበቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ትርጉም የሚወሰነው በውሉ ቃላት እንጂ በኃላፊዎች ስሜት አይደለም። ለዚህ ከሁሉ የሚጠቅመው የኦሃዮ ስቴት የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ የነበሩት የጂም ኦብራየን ጉዳይ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ2004 ያሰናበታቸው ለአንድ ምልምል ተጫዋች ገንዘብ ሰጥተው ነበር በማለት ነው፤ ገንዘቡን መስጠታቸውንም አልካዱም። ያም ሆኖ የኦሃዮ የይገባኛል ጥያቄዎች ፍርድ ቤት በ2006 ድርጊቱ በውሉ አነጋገር መሠረታዊ ጥሰት ስላልሆነ ስንብቱ ውሉን የጣሰ ነው ብሎ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደላቸው፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት አጸናው። ጉዳዩ የስንብት ቢሆንም ለእገዳም ይሠራል፤ ጥፋት መፈጸሙ ብቻ ውሉ ያልሰጠውን ቅጣት አያስገኝም።

ሌላው ሊታይ የሚገባው ቅጣቱ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ እንደገና መከለስ የሚችል መሆን አለመሆኑ ነው። በሐምሌ 2023 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኝ ፓት ፊትዝጄራልድ በተጫዋቾች መካከል ተፈጸመ ከተባለ ማዋረድ ጋር በተያያዘ ለሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ታገዱ። የተማሪዎቹ ጋዜጣ የዐይን እማኞችን ቃል ባወጣ ማግስት ነገሩ ተቀይሮ እገዳው በተገለጸ በሦስት ቀን ውስጥ ተባረሩ። እርሳቸውም 130 ሚሊዮን ዶላር ጠይቀው ከሰሱ፤ ከክርክራቸው አንዱ እገዳውን የተቀበሉት ሌላ ቅጣት እንደማይከተል በቃል ስለተነገራቸው ነው የሚል ነበር። ክሱ በ2025 በስምምነት አለቀ። የቃል ስምምነትን ማስረዳት እንዲህ ሁለት ዓመት የሚያሟግት ከሆነ፣ «ይህንን እገዳ ከተቀበልክ ነገሩ እዚህ ያበቃል» የሚል ኃላፊ ሲያጋጥም ቃሉን በዚያው ዕለት በፊርማው እንዲያጸና መጠየቅ ነው።

ውሉ ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነም አይርሱ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራም ክፍያ፣ የጫማና የትጥቅ ኩባንያ ውል፣ የበጋ ማሠልጠኛ ካምፕ ገቢ፣ መኪና፣ የውድድር ጉርሻ አለ። የጆርጂያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1983 በጆርጂያ ቴክ አሠልጣኝ በነበሩት በፔፐር ሮጀርስ ጉዳይ እንዲህ ያሉ ጥቅማ ጥቅሞች እንደ ውሉ አነጋገር ሊካሱ እንደሚችሉ አመልክቷል። እገዳው «ከደመወዝ ጋር ነው» ቢባልም እነዚህ ከቀሩ የደረሰው ጉዳት በቁጥር ሊገለጽ ይችላል።

የውስጥ አቤቱታና የሠራተኛ ማኅበር

ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የውስጥ ቅሬታ ማቅረቢያ መንገድ ካለ ይህንኑ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ውስጣዊውን መንገድ ዘሎ የመጣ ከሳሽ በዚሁ ምክንያት ክሱ ሊዘጋበት ይችላል። የቀናቱ ገደብ አጭር ስለሆነ ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ይቆጠር። በአንዳንድ ቦታዎች አሠልጣኞች የሠራተኛ ማኅበር አባላት ናቸው፤ በፔንስልቬንያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓትና በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመምህራኑ ማኅበር አሠልጣኞችንም ይወክላል። እንዲህ ባለ ተቋም የሚሠራ ሰው በኅብረት ስምምነቱ መሠረት ቅሬታውን እስከ ገለልተኛ የግልግል ዳኛ ድረስ ማድረስ የሚችልበት ዕድል አለው፤ ይህ ደግሞ ከፍርድ ቤት ይልቅ ፈጣንና ርካሽ ነው። ውሉ ራሱ የግልግል ዳኝነትን የሚያስገድድ ከሆነም ፍርድ ቤት የሚገባው ውሳኔውን ለማስፈጸም ወይም በጣም ጠባብ በሆኑ ምክንያቶች ለመሻር ብቻ ነው።

ተቋሙ የመንግሥት ሲሆን

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ መንግሥት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የሰውን ንብረት ወይም ነፃነት እንዳይነጥቅ ይከለክላል። ኖርዝዌስተርንን የመሰለ የግል ዩኒቨርሲቲ መንግሥት ስላልሆነ ይህ ክፍል አይመለከተውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ግን ሥራው በሕግ ዐይን «ንብረት» መሆኑን ካስረዳ፣ ከቅጣቱ በፊት የመሰማት መብት አለኝ ማለት ይችላል።

ሥራ ንብረት የሚሆነው መቼ ነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 በሮዝ ጉዳይ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ የተቀጠረ የዊስኮንሲን መምህር ውሉ እንዲታደስለት የሚያደርግ የንብረት መብት የለውም አለ። በውሉ ዘመን መካከል ግን፣ ውሉ ያለ በቂ ምክንያት አትሰናበትም የሚል ከሆነ፣ መብቱ አለ። በ1985 በላውደርሚል ጉዳይም እንዲህ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ከመሰናበቱ በፊት ክሱ ሊነገረው፣ ማስረጃው ሊገለጽለትና የራሱን ወገን ሊያስረዳ እንደሚገባ ተወሰነ።

ለእገዳ በቀጥታ የሚጠቀሰው ግን የ1997ቱ የጊልበርትና የሆማር ክርክር ነው። ሆማር በፔንስልቬንያ የኢስት ስትራውድስበርግ ዩኒቨርሲቲ የግቢ ፖሊስ ነበር፤ በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል ተጠርጥሮ ሲያዝ ዩኒቨርሲቲው ሳይሰማው ያለ ደመወዝ አገደው። ክሱ ተሰርዞለት እንኳ እገዳው ወዲያው አልተነሣለትም፤ በኋላም ወደ ግቢ አትክልተኛነት ዝቅ ተደርጎ ተመደበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ ሰውየው በከባድ ወንጀል የተከሰሰ እንደመሆኑ ከእገዳው በፊት መሰማት አያስፈልግም፣ ከእገዳው በኋላ ግን ሳይዘገይ የመሰማት ዕድል ሊሰጠው ይገባል የሚል መርህ አስቀመጠ። አሠልጣኙ ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ነገር አለ፤ ያለ ደመወዝ በታገደ ማግስት «ልሰማ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄው ሳይመለስ ባደረ ቁጥር ክርክሩ እየጠነከረ ይሄዳል።

ደመወዙ የሚቀጥል ከሆነ ግን ይህ መንገድ ይጠባል። ብዙ ፍርድ ቤቶች የንብረት መብቱ በደመወዙ ላይ እንጂ ቡድኑን ቆሞ በመምራት ላይ አይደለም ብለው ወስነዋል። አሠልጣኝ ከቡድኑ መለየቱ ለሙያው ምን ያህል እንደሚጎዳው ሜዳው አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሕጉ ግን ጉዳቱን በዚያ ሚዛን አይመዝነውም።

ስም ማጥፋትም ለብቻው ይታያል። የመንግሥት ተቋም ሠራተኛውን ሲያሰናብት ስሙን በአደባባይ የሚያጎድፍ ነገር ከተናገረ፣ ሠራተኛው ስሙን የሚያጠራበት መድረክ የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችላል፤ በ1976ቱ የፖልና የዴቪስ ውሳኔ መሠረት ግን ስም መጉደፉ ብቻ አይበቃም፣ ሥራን ከመሰለ መብት ማጣት ጋር መያያዝ አለበት። በመደበኛው የስም ማጥፋት ሕግ መክሰስም ይቻላል፤ ለታወቀ አሠልጣኝ ግን ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ የሕዝብ ሰው ብሎ ከቆጠረው ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ግድ ሳይሰጠው መናገሩን ማስረዳት ይጠበቅበታል። የዩኤስሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ረዳት አሠልጣኝ የነበሩት ቶድ ማክኔር ኤንሲኤኤን በስም ማጥፋት ከሰው በ2018 የዳኝነት ሸንጎው ሳይቀበላቸው ቀረ፤ ዳኛው አዲስ ችሎት እንዲደረግ አዝዘው ነገሩ በስምምነት ያለቀው በ2021 ነው። ክሱ ከተጀመረ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

እገዳው ከኤንሲኤኤ ወይም ከሊጉ ሲመጣ

እዚህ ላይ መሠረቱ የጄሪ ታርካኒያን ጉዳይ ነው። በላስ ቬጋስ የሚገኘው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነበሩ። በ1977 ኤንሲኤኤ ዩኒቨርሲቲውን ከቀጣ በኋላ አሠልጣኙን ለሁለት ዓመት ካላገደ ተጨማሪ ቅጣት እንደሚጠብቀው አስታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም እያመነታ አገዳቸው። ታርካኒያን እገዳው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ኔቫዳ ፍርድ ቤት ሄደው አስቆሙት፤ ማሠልጠናቸውንም ቀጥለው ቡድናቸው በ1990 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በመካከሉ፣ በ1988፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ኤንሲኤኤ የግል ማኅበር እንጂ የመንግሥት አካል ስላልሆነ የሕገ መንግሥቱ የመሰማት ግዴታ አይመለከተውም ብሎ ፈረደ። ኔቫዳ ይህንን ለመሙላት በ1991 ማኅበሩ ሥርዓት እንዲከተል የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ እርሱንም የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1993 ሻረው። ሆኖም ታርካኒያን ሌላ ክስ መሥርተው ኤንሲኤኤ በ1998 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቃቸው።

ከ1988ቱ ፍርድ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ ኤንሲኤኤን በሕገ መንግሥት መክሰስ አያዋጣም። የሚቀሩት የማኅበሩ የራሱ የይግባኝ ኮሚቴና፣ ማኅበሩ የራሱን ደንብ ጥሷል የሚሉ የክፍለ ግዛት ሕግ ክርክሮች ናቸው። የይግባኝ ኮሚቴው ከሚለውጠው የሚያጸናው ይበዛል። የሲራኪዩስ አሠልጣኝ ጂም ቦሃይም በ2015 ለዘጠኝ የሊግ ጨዋታዎች ሲታገዱ ይግባኝ ብለው ያገኙት የጨዋታዎቹ ቁጥር ሳይቀነስ እገዳው ወዲያው እንዲጀምር መፈቀዱን ነበር። ከጥር 2023 ወዲህ ደግሞ ደንቡ ጠብቋል፤ ቀደም ሲል ዋናው አሠልጣኝ ረዳቶቹን በሚገባ መቆጣጠሩን አስረድቶ ከኃላፊነት ሊድን ይችል የነበረው ቀርቶ፣ አሁን በሥሩ ላሉት ጥሰት በቀጥታ ተጠያቂ ነው፤ የቁጥጥሩ ማስረጃ የሚጠቅመው ቅጣቱን ለማቃለል ነው። ስለዚህ ስለ ደንብ የሰጡትን ሥልጠና፣ ለደንብ አስከባሪው ክፍል የጻፉትን ጥያቄ፣ ያስተላለፉትን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ከነቀኑ ሰብስቦ መያዝ ከንግግር ችሎታ ይበልጣል።

እገዳውን በፍርድ ቤት ማስቆም

አሠልጣኞች አብዝተው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ውድድሩ ቅዳሜ ነውና ዛሬ አስቁሙልኝ። ፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለመስጠት አራት ነገሮችን ያያል፦ አመልካቹ በመጨረሻ የመርታት ዕድሉን፣ ትእዛዙ ካልተሰጠ በገንዘብ የማይተካ ጉዳት መድረሱን፣ የሁለቱን ወገኖች ጉዳት ሚዛንና የሕዝብን ጥቅም። አሠልጣኙ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በሳምፕሰንና በመሪ ጉዳይ ደመወዝ ማጣትና ስም መጉደፍ በተለመደው ሁኔታ በገንዘብ የማይተካ ጉዳት አይደሉም ብሏልና። ስለዚህ ማመልከቻው ያመለጠ ጨዋታ፣ የዓመቱ የምልመላ ወቅት፣ ወይም ሊመለስ የማይችል የመጨረሻ ውድድር መኖሩን በቃለ መሐላ በተደገፈ ዝርዝር ማሳየት አለበት።

ጊዜው እንዴት እንደሚያጣድፍ በኅዳር 2023 ታይቷል። ቢግ ቴን የተባለው ሊግ የሚሺጋንን የፉትቦል አሠልጣኝ ጂም ሃርባውን ለሦስት ጨዋታ ያገደው ዓርብ ዕለት፣ በበዓል ቀን፣ ከፔን ስቴት ጋር ሊጋጠሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው በዚያው ምሽት ለዋሽተናው አውራጃ ፍርድ ቤት አመለከተ። ጨዋታው እስኪጀመር ግን ዳኛ አልፈረመም፤ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ዓርብ ሆነ፤ ቡድኑ ያለ አሠልጣኙ ተጫውቶ አሸነፈ። ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ዩኒቨርሲቲው ክሱን አንሥቶ እገዳውን ተቀበለ፤ ሊጉም ምርመራውን ዘጋ። እዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲውና አሠልጣኙ አንድ ወገን ሆነው ነበር፤ ብቻውን የሚቆም አሠልጣኝ ያን ያህል ጉልበት የለውም።

ከዚህ የሚከፋም ደርሷል። የቴክሳስ ቴክ አሠልጣኝ ማይክ ሊች በታኅሣሥ 28 ቀን 2009 አንድን ተጫዋች በአግባቡ አልያዙም ተብለው ሲታገዱ፣ በአላሞ ቦውል ጨዋታ ቡድናቸውን ለመምራት ፍርድ ቤት አመለከቱ። በ30 ጠዋት ችሎቱ ሊጀመር ሲል የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ለሊች ጠበቃ አንድ ደብዳቤ ሰጡ፤ ደብዳቤው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሰናበታቸውን የሚገልጽ ነበር። እገዳ ስላልነበረ የሚያስቆሙት ነገር አልቀረም። አመልካቹ ከማመልከቱ በፊት፣ ተቋሙ በምላሹ ውሉን ቢያፈርስ ምን ይደርስብኛል የሚለውን ከጠበቃው ጋር አስልቶ መግባት አለበት፤ በቀናት ውስጥ የሚከፈል ትልቅ ጉርሻ ወይም የሚያልፍ የውል ዘመን ካለ ሒሳቡ ጨርሶ ሊለወጥ ይችላል።

አድልዎና የበቀል እርምጃ

እገዳው የመጣው በዘር፣ በትውልድ አገር፣ በፆታ ወይም በሃይማኖት ምክንያት ከሆነ፣ ወይም ቅሬታ በማቅረብዎ ቂም ተይዞብዎ ከሆነ የተቋሙ የግልም ይሁን የመንግሥት መሆን አያድነውም። በ2005 በጃክሰን ጉዳይ፣ የሴት ተጫዋቾቹ ቡድን ከወንዶቹ እኩል አልተያዘም ብሎ አቤት በማለቱ ከአሠልጣኝነቱ የተነሣ የአላባማ መምህር፣ በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን በሚከለክለው የፌዴራል ሕግ በታይትል ናይን መክሰስ እንደሚችል ተወስኗል። የትምህርት ቤት እንጂ የኮሌጅ አሠልጣኝ አልነበረም፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። በሌላ በኩል በ2024 የ11ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ከጆርጂያ ቴክ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ክስ ጋር በተያያዘ፣ ሠራተኞች የፆታ አድልዎን በታይትል ናይን በቀጥታ መክሰስ አይችሉም ብሏል። ስለዚህ በታይትል ናይን ላይ ብቻ አይመርኮዙ፤ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግም ያመልክቱ።

በዚህ ሕግ መሠረት በመጀመሪያ ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከት ግዴታ ነው፤ ጊዜው እንደ ክፍለ ግዛቱ 180 ወይም 300 ቀን ሲሆን፣ ኮሚሽኑ የመክሰስ ፈቃድ ደብዳቤ ሲሰጥ ደግሞ 90 ቀን ብቻ ይቀራል። ከደመወዝ ጋር የሚደረግ እገዳ ቀድሞ ብዙ ጊዜ «ጉዳት የለውም» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 በመልድሮው ጉዳይ፣ በአድልዎ ከቦታዋ የተዛወረች የፖሊስ ባልደረባ ጉዳቱ ከባድ መሆኑን ማስረዳት እንደማይጠበቅባት፣ በሥራ ሁኔታዋ ላይ የደረሰ ጉዳት መኖሩ እንደሚበቃ ስለወሰነ፣ ደመወዝ እየተከፈለው የታገደ አሠልጣኝም አሁን የተሻለ መነሻ አለው። ማስረጃው የሚገኘው በንጽጽር ነው፤ ተመሳሳይ ክስ የቀረበባቸው ሌሎች የዚያው ተቋም አሠልጣኞች ምን ተደረጉ?

ያለመከሰስ መብትና ይርጋ

ጠንካራ ክስ ያለው ሰው በተሳሳተ በር ገብቶ ሊወድቅ ይችላል። የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት የመንግሥት ያለመከሰስ መብት አላቸው፤ ሊች በውል ጥሰት ካሳ ሲጠይቁ የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች የዘጉባቸው በዚሁ ምክንያት ነው። በኦሃዮ ደግሞ መንግሥት የሚከሰስበት የተለየ ፍርድ ቤት ስላለ ኦብራየን ተካሱ። በፌዴራል ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲውን በሕገ መንግሥት ወይም በውል ጥሰት ለገንዘብ መክሰስ ባይቻልም፣ ኃላፊዎቹን ወደ ሥራ እንዲመልሱ ማስገደድ የሚቻልበት መንገድ አለ። የሕገ መንግሥት ክስ ይርጋ ከክፍለ ግዛቱ የአካል ጉዳት ሕግ ይወሰዳል፤ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ሁለት ዓመት፣ በኒው ዮርክ ሦስት ነው። መንግሥትን ከመክሰስ በፊት በወራት ውስጥ የጽሑፍ ማስታወቂያ የሚጠይቁ ክፍለ ግዛቶችም አሉ፤ ብዙ ክስ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በሥራ ቪዛ ላይ ላለ አሠልጣኝ

በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠራ ሰው ያለ ደመወዝ ልታገድ ብሎ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል። የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደንብ፣ ሠራተኛው በአሠሪው ውሳኔ ሥራ ላይ ባይውልም ደመወዙ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ የወሰደው ዕረፍት ግን ከዚህ ውጭ ነው። በዚህ የተነሣ አንድ ተቋም «በፈቃድህ ዕረፍት እንደወሰድክ ፈርም» ቢል ፊርማው ደመወዝንም ሕጋዊ ቆይታንም ሊነካ ይችላል። ቅጥሩ ጨርሶ ከተቋረጠ አዲስ አሠሪ ለማግኘት ወይም የቪዛ ዓይነት ለመቀየር የሚሰጠው ጊዜ እስከ 60 ቀን ነው። ለሌላው አሠልጣኝ የወራት ክርክር የሚሆነው ነገር ለዚህ ሰው በሁለት ወር ውስጥ መልክ መያዝ አለበት።

በስምምነት ሲያልቅ

አብዛኛው ክርክር የሚያልቀው በስምምነት ነው፤ የገንዘቡ መጠን ደግሞ ሁልጊዜ ዋናው ነገር አይደለም። ሪክ ፒቲኖ በ2017 ከሉዊቪል መጀመሪያ ያለ ደመወዝ ታግደው፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተባርረው፣ 38.7 ሚሊዮን ዶላር ጠይቀው ነበር፤ በ2019 የተስማሙት ግን ምንም ገንዘብ ሳይቀበሉ መዝገባቸው ላይ «ተሰናበቱ» የሚለው «በፈቃዳቸው ለቀቁ» እንዲባል ነው። በኋላም ወደ ኮሌጅ አሠልጣኝነት ተመልሰዋል።

የስምምነቱ ሰነድ እገዳው መቼ እንደሚያበቃ በቀን መግለጽ፣ በዚያው ድርጊት ሌላ ቅጣት እንደማይከተል መናገር፣ የግል ማኅደር ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ መወሰን አለበት። ለጋዜጠኛና ለወደፊት ቀጣሪ የሚሰጠው መግለጫ ቃል በቃል ተጽፎ ከሰነዱ ጋር ይያያዝ፤ ስልክ የሚመልሰው ኃላፊ ማን እንደሆነም ይጠቀስ። የመንግሥት ተቋም ከሆነ ሰነዱ በመረጃ ነፃነት ሕግ ሊወጣ ስለሚችል ምስጢርነትን አምኖ የሚያሳፍር ዝርዝር መጻፍ አይገባም። ኤንሲኤኤ የስምምነቱ ተዋዋይ እስካልሆነ ድረስም የዩኒቨርሲቲው ቃል ማኅበሩን አያስረውም፤ የማኅበሩ ምርመራ ገና ያልተዘጋ ከሆነ፣ ወደፊት ለሚመጣው ቅጣት ዩኒቨርሲቲው የጠበቃ ወጪዎን እንዲሸፍን የሚል አንቀጽ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።